ብዙ ሳይወጉ የታካሚን የደም መጠን መለካት፦ ከአልጋ አጠገብ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

«ይህ ታካሚ ደሙ ጎድሏል ወይስ ሞልቷል?» ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ጥያቄ በአንድ የሌሊት ተረኝነት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ያውቀዋል። ለረጅም ዘመን የተለመደው መልስ በአንገት በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) አስገብቶ የትልቁን ደም መልስ ግፊት፣ በተለምዶ ሲቪፒ የምንለውን፣ ማንበብ ነበር። ችግሩ ሲቪፒ የሚነግረን ግፊትን እንጂ መጠንን አለመሆኑ ነው። ከጠቅላላው ደማችን 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ነው። እነዚህ ሥሮች ስስና ተለጣጭ ስለሆኑ ደም ሲጨመርባቸው ይሰፋሉ፣ ሲቀነስባቸው ይኮማተራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት ግን ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል። በ2008 ማሪክና ባልደረቦቹ እስከዚያ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በሲቪፒና በትክክል በተለካ የደም መጠን መካከል ያገኙት ዝምድና 0.16 ብቻ ነበር። ሁለቱ ፍጹም አብረው ቢሄዱ ኖሮ ቁጥሩ 1 ይሆን ነበር።

ስለዚህ ለደም መጠን ብቻ ሲባል አንገት መውጋት አደጋው ብዙ፣ ትርፉ ትንሽ ነው። በምትኩ ምን እናድርግ? ከዚህ በታች ያለው በሙያው ላይ ላሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች የተጻፈ ነው፤ ከወረቀትና እስክሪብቶ ይነሳና ጥቂት ጠብታ ደም እስከሚጠይቁት ዘዴዎች ይደርሳል።

1. መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ጥያቄውን ለዩ

«የደም መጠን» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን ነው። አንደኛው፦ በሰውነቱ ውስጥ ስንት ሊትር ደም አለ? ሁለተኛው፦ ከጠዋቱ ጋር ሲነጻጸር ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ሦስተኛው፦ አሁን ፈሳሽ ብሰጠው ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል?

ለሦስቱም የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም። አልትራሳውንድ ስለ ሊትር አይነግራችሁም፤ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ ንጥረ ነገር) ለውጥ ስለ ልብ ዝግጁነት አይነግራችሁም። በሥራ ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከአለካክ ጉድለት ሳይሆን፣ የአንዱን ጥያቄ መልስ ለሌላው ከመስጠት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛውን እየጠየቃችሁ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ።

2. በወረቀት መነሻ ቁጥር አውጡ

ይህ ታካሚ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ስንት ሊትር ደም ይኖረው ነበር? ለፈጣን ግምት በኪሎ ማባዛት ይበቃል፦ ለአዋቂ ወንድ 70 ሚሊ ሊትር፣ ለሴት 65፣ ለሕፃናት ከ75 እስከ 80፣ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ጨቅላ 85 ያህል።

የተሻለ ግምት ከፈለጋችሁ የ1962ቱ የናድለር ቀመር አለ። ቁመት በሜትር፣ ክብደት በኪሎ ይገባል፦

ለወንድ፦ 0.3669 × ቁመት³ + 0.03219 × ክብደት + 0.6041
ለሴት፦ 0.3561 × ቁመት³ + 0.03308 × ክብደት + 0.1833

ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ወንድ እንውሰድ። 1.70 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 4.913 ይሆናል፤ በ0.3669 ሲባዛ 1.80። የክብደቱ ድርሻ 2.09። ሁለቱ ተደምረው 0.60 ሲጨመርባቸው 4.5 ሊትር። በኪሎ ስናባዛ ደግሞ 4.55 ይመጣል፤ እዚህ ሁለቱ ተቀራርበዋል። የሚለያዩት በጣም ወፍራም ሰው ላይ ነው። ስብ ከጡንቻ ያነሰ ደም ስለሚይዝ በኪሎ ማባዛት ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ የናድለር ቀመር ቁመትንም ስለሚያስገባ ይሻላል።

ቁጥሩ ቀዶ ሕክምና ላይ ወዲያው ይጠቅማል። የዚህ ሰው ሄማቶክሪት (የቀይ ሕዋሳት ድርሻ ከደሙ በመቶኛ) 42 ቢሆንና ከ30 በታች እንዲወርድ ባንፈልግ፣ 4.5ን በ12 አባዝተን ለ42 እናካፍላለን፦ 1.3 ሊትር ያህል ሊፈሰው ይችላል ማለት ነው፤ የፈሰሰው በሌላ ፈሳሽ እየተተካ እስከሆነ ድረስ።

ጨቅላ ላይ ሲሆን ሒሳቡ ሰውን ያስደነግጣል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 255 ሚሊ ሊትር ነው። በየቀኑ 2 ሚሊ ሊትር ናሙና አምስት ቀን ከተወሰደ፣ ለምርመራ ብቻ ከደሙ 4 በመቶ ቀዳንለት። ሕፃኑን ከመጉዳት መቆጠብ መርፌ በመቀነስ ብቻ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ በሚገባው ደምም ይለካል።

ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው። ቀመሩ ታካሚው ዛሬ ምን እንዳጋጠመው አያውቅም።

3. በዓይንና በጣት

ሄሞግሎቢንን ብቻ አይታችሁ «አልደማም» አትበሉ። ከአንድ ማሰሮ ቀይ ቀለም ግማሹን ብትደፉ የቀረው ቀለም እንደ በፊቱ ቀይ ነው። አሁኑኑ የደማ ሰውም እንደዚያው ነው፤ ፈሳሽ ከውጭ እስኪሰጠው ወይም ከሕዋሳት መሐል ወደ ደም ሥር ገብቶ እስኪበርዘው ድረስ ቁጥሩ አይወርድም።

ስለዚህ የልብ ምትን ለላይኛው የደም ግፊት አካፍሉ፤ የሾክ (ለአካላት በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ) ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ነው። ጤነኛ አዋቂ ከ0.5 እስከ 0.7 ይኖረዋል። ምቱ 118፣ ግፊቱ 104 የሆነ ሰው ግፊቱ ብቻውን ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ስታካፍሉት ግን 1.13 ነው፣ ይህ ደግሞ ደህና አይደለም። የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ግን ይህ ስሌት ይሸነግላችኋል።

መቆም የሚችል ታካሚ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ አስተኙትና ምቱንና ግፊቱን ለኩ፤ ካቆማችሁት በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። አጠገቡ ቁሙ፣ ሊወድቅ ይችላል። ምቱ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም በማዞር ምክንያት መቆም ካቃተው፣ ብዙ ደም ጎድሎታል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ከ630 እስከ 1150 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም በተቀዳባቸው ሰዎች ላይ ይህ ምልክት 97 በመቶውን ይዟል። ከዚያ ያነሰ ደም የወጣባቸው ላይ ግን የያዘው ከአምስት አንዱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከታየ እመኑት፤ ካልታየ አትዘናጉ።

ጣት ጫፍን 10 ሰከንድ ጫን ብላችሁ ልቀቁና ቀለሙ እስኪመለስ ቁጠሩ። ከ3 ሰከንድ ካለፈ ደም ወደ ቆዳ በቂ እየደረሰ አይደለም። እጁ በብርድ የቀዘቀዘ ሰው ላይ ይህን አትሥሩ፤ መጀመሪያ አሙቁት።

የአንገት ደም መልስን ማየት ዛሬ የተረሳ ጥበብ ነው። አልጋውን 45 ዲግሪ አንሱ፣ አንገቱን በትንሹ ወደ ግራ አዙሩ፣ መብራቱን ከጎን አብሩ። የሚርገበገበው የላይኛው ጫፍ ከደረት አጥንት ማዕዘን በቀጥታ ወደ ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል። ካሮቲድ (የአንገት ደም ወሳጅ ሥር) እንዳይሆንባችሁ በጣት ንኩት፤ ደም መልሱ ሲነካ አይመታም።

4. የአልትራሳውንድ ምስል፦ አይቪሲ

ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ የታችኛው ደም መልስ፣ አይቪሲ፣ በሆድ በኩል በቀላሉ ይታያል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ታካሚውን በጀርባው አስተኙት፤ ሆዱ እንዲላላ ጉልበቱን ትንሽ ቢያጥፍ ይረዳል። የልብ ወይም የሆድ ፕሮብ ተጠቀሙ። ጄል አድርጋችሁ ፕሮቡን ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ ሥር አስቀምጡና መጀመሪያ ልብን ፈልጉ። ልብ ከታየ በኋላ የቀኙን ኤትሪየም (ደም የሚቀበለውን የልብ የላይኛ ክፍል) መሐል ላይ አድርጋችሁ ፕሮቡን ቀስ ብላችሁ 90 ዲግሪ አዙሩት። ከኤትሪየሙ የሚወጣ፣ ጉበትን ተንተርሶ ወደ ታች የሚሄድ ጥቁር ቱቦ ይታያችኋል።

አሁን ቁም ነገሩ፦ ቱቦው አይቪሲ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ በተማርኩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አዎርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ወሳጅ) ለክቼ «አይጨመትም (ሲተነፍስ አይጠብም)፣ ሞልቷል» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ፤ ታካሚው እየደማ ነበር፤ ዕድሜ ለቀጣዩ ተረኛ፣ ሳይዘገይ ደገመው። አይቪሲ ከኤትሪየሙ ጋር ሲገናኝ ይታያል፣ የጉበት ደም መልስ ይገባበታል፣ ግድግዳው ስስ ነው። አዎርታ በግራ በኩል ነው፣ ግድግዳው ወፍራምና ደማቅ ነው፣ ከልብ ምት ጋር እኩል ይመታል፣ ወደ ኤትሪየም አይገባም። ሁለቱን አንድ በአንድ ካላያችሁ አትለኩ።

የምትለኩት ከኤትሪየሙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ የጉበት ደም መልስ ከሚገባበት አጠገብ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ለቱቦው ቀጥ ባለ መስመር። አንድ ጊዜ በጸጥታ ሲተነፍስ፣ አንድ ጊዜ «በአፍንጫህ ፈጠን ብለህ ሳብ አድርግ» ብላችሁ ስትለኩ የመጨመቱን መጠን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 1.8 የነበረው ወደ 0.6 ቢወርድ፣ 1.2 ለ1.8 ሲካፈል 67 በመቶ ይሆናል።

ስፋቱ 2.1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ከግማሽ በላይ ከጨመተ የቀኝ ኤትሪየም ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ከ0 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። ከ2.1 በላይ ሆኖ ከግማሽ በታች ከጨመተ ከፍተኛ ነው፤ ከ10 እስከ 20። በመሐል ያለው መሐል ነው፣ ብዙ አትጨነቁበት።

እዚህ ያገኛችሁት የግፊት ግምት ነው፤ ከላይ ሲቪፒን የወቀስኩበት ምክንያት ለዚህም ይሠራል። ልዩነቱ አንገት አለመወጋቱና በየሰዓቱ መደጋገም መቻሉ ነው። ጫፎቹ ይጠቅማሉ፦ የደማ ሰው ላይ 0.8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲተነፍስ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚሳሳሙ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ፣ ሆዱ የተወጠረ፣ ትራይከስፒድ ቫልቩ (በቀኝ ልብ ክፍሎች መሐል ያለው በር) በብዛት የሚያፈስ፣ ወይም ለመተንፈስ የሚታገል ታካሚ ላይ ግን ቁጥሮቹ ይዛባሉ። ብዙ የሚሮጡ ስፖርተኞችም ጤነኛ ሆነው ሰፊ አይቪሲ አላቸው።

5. እግር በማንሳት ልብን መጠየቅ

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ «ፈሳሽ ብሰጠው ይጠቅመዋል?» የሚለውን፣ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ የሚመልሰው ይህ ነው። እግር ሲነሳ በእግርና በሆድ ያለ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወደ ልብ ይመጣል። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳይሰጥ የተሰጠ ያህል ነው፤ ካልጠቀመ ደግሞ እግሩን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። አንዴ ከገባ የማይመለስ ግማሽ ሊትር ሰጥቶ ከመጸጸት ይሻላል።

1. ታካሚውን ጀርባው 45 ዲግሪ ቀና ብሎ አስቀምጡት። ጠፍጣፋ ከተኛበት አትጀምሩ፤ ከሆድ የሚመጣውን ደም ታጡታላችሁ።

2. መነሻውን ለኩ። በአልትራሳውንድ ከልብ ጫፍ በኩል አዎርታ መውጫው ላይ ዶፕለር (የደም ፍሰትን ፍጥነት የሚለካ የአልትራሳውንድ ዘዴ) አድርጋችሁ ቪቲአይ የሚባለውን፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም የሚያመለክተውን ቁጥር፣ አንብቡ፤ የብዙ ምቶችን አማካይ ውሰዱ። ፕሮቡ ያረፈበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

3. ታካሚውን ሳትነኩ አልጋውን በቁልፉ አዙሩት፦ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ እግሩ 45 ዲግሪ። እግሩን በእጅ ከያዛችሁ ሊያመው ወይም ሊደነግጥ ይችላል፤ ያኔ ምቱ የሚጨምረው በአድሬናሊን ነው።

4. በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሳችሁ ለኩ። ውጤቱ የሚታየው ቶሎ ነው፣ የሚጠፋውም ቶሎ ነው። ለሦስት ደቂቃ ዶክመንት ስትሞሉ ቆይታችሁ የምታነቡት ቁጥር ዋጋ የለውም።

5. ወደ መጀመሪያው አቀማመጥ መልሱትና ቁጥሩ ወደ መነሻው መመለሱን አረጋግጡ። ካልተመለሰ የለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ቪቲአይው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ልቡ ለፈሳሽ ምላሽ ይሰጣል። ለምሳሌ ከ15 ወደ 17.4 ቢወጣ 16 በመቶ ነው። በደም ግፊት መለኪያ ብቻ ይህን ሙከራ አትመዝኑት፤ ግፊቱ ሳይነቃነቅ የልብ ሥራ ሊጨምር ይችላል። ዶፕለር ከሌላችሁና ታካሚው ሳይታገል በማሽን የሚተነፍስ ከሆነ፣ በትንፋሽ መጨረሻ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ5 በመቶ መጨመሩን ማየት ይቻላል።

የሆዱ ግፊት ከፍ ያለ ሰው ላይ ሙከራው ሊዋሽ ይችላል። የጭንቅላት ግፊት የሚያሰጋው ወይም ዳሌው የተሰበረ ታካሚ ላይ አትሥሩት። ደግሞም ምላሽ መስጠት ማለት ፈሳሽ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ ይህን የምታነቡት ጤነኞችም እግራችሁ ቢነሳ ምላሽ ትሰጣላችሁ።

6. ለውጥን በሄሞግሎቢን መከታተል

ታካሚው ካልደማና ደም ካልተሰጠው፣ ሄሞግሎቢኑ የሚለዋወጠው ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ስለበዛ ወይም ስላነሰ ነው። ያኔ የፊተኛውን ሄሞግሎቢን ለኋለኛው ማካፈል የደም መጠኑ ምን ያህል እንደተለወጠ ይነግራል። ከዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ከማጣራት) በፊት 11.0፣ በኋላ 12.1 ከሆነ፦ 11.0 ለ12.1 ሲካፈል 0.91፤ የደሙ መጠን በ9 በመቶ ቀንሷል። አንዳንድ የዲያሊሲስ ማሽኖች ይህንኑ በቱቦው ውስጥ በሚያልፈው ደም ላይ ብርሃን አብርተው ያለማቋረጥ ይለካሉ፤ ተጨማሪ መርፌ የለውም። የሚያሳዩት ግን መቶኛውን ብቻ ነው። ከስንት ሊትር ተነስቶ 9 በመቶ እንደቀነሰ አያውቁም። ሁለቱን ናሙናዎች ስትወስዱ ታካሚው በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይሁን፤ ከመተኛት ወደ መቆም መለወጥ ብቻውን ፕላዝማውን ያሳንሰዋል።

7. እውነተኛውን ሊትር ስትፈልጉ

መርሁ ቀላል ነው። መጠኑ በማይታወቅ ውኃ ውስጥ የታወቀ ስኳር ጨምራችሁ ጣፋጭነቱን ከለካችሁ ውኃው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለመመዘኛነት የሚያገለግለው ዘዴ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን 131 የታሰረበትን አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) በክንድ ደም መልስ መስጠት ነው። አልቡሚን ከደም ሥር እየሾለከ ስለሚወጣ አንድ ናሙና አይበቃም፤ ከ12ኛው እስከ 36ኛው ደቂቃ በተከታታይ ናሙና ተወስዶ መስመሩ ወደ ዜሮ ደቂቃ ይሳባል። አንገት አይወጋም፤ ግን የኑክሌር ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል።

ከዚህ ይበልጥ የሚቀለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ዘዴ ነው። ሃልደንና ሎሬን ስሚዝ በ1900 ጀመሩት፤ ሽሚትና ፕሮመር በ2005 ወደ ሁለት ደቂቃ አሳጠሩት። ሰውየው በጣም ትንሽ፣ በጥንቃቄ የተሰፈረ ጋዝ ከኦክስጅን ጋር በተዘጋ መሣሪያ ይተነፍሳል፤ ጋዙ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል። ከመተንፈሱ በፊትና በኋላ ከጆሮ ወይም ከጣት የተወሰደ ጥቂት ጠብታ ደም ጠቅላላ ሄሞግሎቢኑን በግራም ለማስላት ይበቃል። 750 ግራም ቢገኝና ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 15 ግራም ቢሆን፣ 50 ዴሲ ሊትር ወይም 5 ሊትር ይመጣል። በትንንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ደም ከክንድ ደም ስለሚቀጥን ለ0.91 ይካፈላል፤ 5.5 ሊትር። የስፖርት ፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች በሰፊው ይሠሩበታል። በራሳችሁ የምትሞክሩት ነገር አይደለም፤ የሠለጠነ ሰውና ትክክለኛ መስፈሪያ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ልቡ ደም የሚያንሰው ታካሚ ላይ አይደረግም።

ሦስተኛው ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም ነው። በክንድ ይሰጥና በጣት ወይም በአፍንጫ ላይ የሚደረግ የብርሃን መለኪያ ቀለሙ ሲቀንስ ይከታተላል፤ ናሙና መቅዳት አያስፈልግም ማለት ነው። ጉበት በሦስት አራት ደቂቃ ግማሹን ስለሚያጠፋው በአጭር ጊዜ መድገም ይቻላል። ድክመቱ ግን በጣም የሚያስፈልገን ቦታ ላይ ነው፦ በሾክ ላይ ያለ ሰው ጣቱ ቀዝቅዞ ደም ስለማይደርሰው መለኪያው አያነብም። በዝግጅቱ ውስጥ አዮዳይድ ስላለ ለአዮዲን አለርጂ ያለበትን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰውነት ላይ ተለጥፎ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ባዮኢምፒዳንስ የደም መጠን መለኪያ እየተባለ ሲወራ እሰማለሁ። እሱ የሚገምተው የመላ ሰውነትን ውኃ ነው።

8. ምልክቶቹ ሲጋጩ

ይህ የማይቀር ነው። በጣም የሚያሳስተው እግሩ ያበጠ ታካሚ ነው። እብጠቱ ከደም ሥር ውጭ ያለ ፈሳሽ ነው፤ አልቡሚኑ የወረደ ወይም በኢንፌክሽን ደም ሥሮቹ የሚያፈሱበት ሰው እያበጠ ደሙ ሊጎድል ይችላል። በተቃራኒው እግሩ ደረቅ የሆነ የልብ ድካም ታካሚ ሳንባው ውኃ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በአልትራሳውንድ በአንድ የጎድን መሐል ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቀጥ ያሉ ደማቅ መስመሮች ካያችሁ፣ እግሩ ሲነሳ ልቡ ምላሽ ቢሰጥ እንኳ ፈሳሽ ከመስጠት በፊት ቆም በሉ።

ስትመዘግቡ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ፤ አቀማመጡን፣ አተነፋፈሱን፣ ሰዓቱንና የተጠየቀውን ጥያቄ ጨምሩ። እንዲህ፦ «9፡20። ጥያቄ፦ ፈሳሽ ይጠቅመዋል? በራሱ ይተነፍሳል፣ 45 ዲግሪ። አይቪሲ 1.3፣ በሳብታ 0.5። እግር ሲነሳ ቪቲአይ ከ15 ወደ 17.4፣ ሲመለስ 15.1። ሳንባ ደረቅ። 250 ተሰጠ፣ በ9፡45 ይደገማል።» ከእናንተ በኋላ የሚገባው ተረኛ 9፡45 ላይ ፕሮቡን ምልክት ባደረጋችሁበት ቦታ መልሶ ያሳርፋል።